አራተኛው ፊርማ

ሟቹ የተገኘው ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ፣ አሸዋው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ኢንስፔክተር ሐምዲያ ስትደርስ ዝናቡ ካባራ አንድ ሰዓት ሞልቶታል። የሸዋ ሮቢት የሚያዝያ ፀሐይ ዘነበ ብላ የምትራራ አይደለችም፤ አሸዋው ከላይ ከላዩ መድረቅ ጀምሯል፣ ዝንቦቹም ከፖሊስ ቀድመው ተሰብስበዋል።

ሐምዲያ በምርመራ ሥራ ላይ አሥራ አራት ዓመት ቆይታለች፤ ሬሳ አያስደነግጣትም። የዛሬው አገዳደል ግን አስጠላት። ሽበታም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ የአባቷ እኩያ የሚሆን ሰው ነው። በቀኝ እጁ የመለኪያ ሜትር እንደጨበጠ ቀርቷል። ፊት ለፊቱ ባለው የወንዙ ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ዝናቡ ባልደረሰበት ጥግ፣ በቀይ ጠመኔ አንድ መስመር አስምሯል። ጎንበስ ብሎ ሲለካ ከኋላው ጭንቅላቱን በድንጋይ ብለውታል፤ ድንጋዩም እዚያው አጠገቡ ተጥሏል። ሥራ ላይ ያለን ሽማግሌ፣ ያውም ከጀርባው!

«ቀስ ብላችሁ ገልብጡት» አለች።

ሲገለብጡት ከሥሩ ያለው አሸዋ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ዙሪያው በዝናብ ጠብታ ተበሳስቷል፣ ከሆዱ ሥር ግን እንደ ዱቄት የላላ አሸዋ ነው። ሐምዲያ አንድ እፍኝ ዘግና በጣቶቿ መሃል አፈሰሰችው።

«ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ?»

«ልክ ዘጠኝ ሰዓት» አለ ሳጅን ሙዐዊያ። «አርባ ደቂቃ ያህል ወረደው። ይሄ ጉዳይ ብዙ አያደክመንም፣ ኢንስፔክተር። እዚህ ያመጣው ሀሩን ነው፣ ባለባጃጁ። ሞቶ አገኘሁት ብሎ የጮኸውም እሱ ነው። የሟቹ ቦርሳ ደግሞ ከባጃጁ መቀመጫ ሥር ወጣ። አስሬዋለሁ።»

ሐምዲያ የሟቹን ኪስ ፈተሸች። ስልኩ አለ። የኪስ ቦርሳው አለ። የእጅ ሰዓቱም ከእጁ አልወጣም።

«ስልክና ሰዓት ትቶ መነጽርና የውሃ ኮዳ ያለበት ቦርሳ የሚሰርቅ ሌባ አጋጥሞህ ያውቃል?»

ሙዐዊያ ጎንበስ ብሎ የሟቹን የእጅ ሰዓት አየ። እሷ ቀና ብላ ወደ ደብረ ሲና አየች፤ ተራራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ሀሩን ወዳለበት መኪና ሄደች።

ሀሩን አርባ ዓመት የሞላው፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። እጁ በካቴና ታስሯል።

«ወላሂ እህቴ ሐምዲያ፣ ከሆቴሉ ሰባት ተኩል ላይ ጫንኳቸው። ‹የሰኞው ጎርፍ እስከ የት እንደደረሰ ልለካ ነው› አሉኝ። ቦርሳው ይከብደኛል ብለው እኔው ዘንድ ተዉት፤ ደብተራቸውንና ሜትራቸውን ብቻ ይዘው ወረዱ። ‹አሥር ሰዓት ና› አሉኝ። ቃሌን አክብሬ መጣሁ። ባልመጣ ይሻለኝ ነበር!»

«ምን ዓይነት ደብተር?»

«ጥቁር፣ በላስቲክ የሚታሰር። ከእጃቸው አይለይም ነበር።»

ደብተሩ ግን ከሟቹ እጅ ላይም፣ ከቦርሳው ውስጥም፣ ከባጃጁም አልተገኘም።

እንግዶቹ ያረፉት ከመሻገሪያው ማዶ፣ እትዬ እቴነሽ ሆቴል ነው። አዲስ አበባ ያለ ኮሚቴ አንድ ሰነድ መጨረስ ሲያቅተው ከከተማ ይወጣል፤ ቢሮ ውስጥ ያልተስማሙ ሰዎች ማንጎ ጥላ ሥር ይስማማሉ ተብሎ ይታመናል። ይህ ኮሚቴ አራት አባላት ነበሩት። ሥራቸው በዋና ከተማዋ ለውጭ ሀገር ኤምባሲዎች አዲስ ሰፈር መምረጥ ነው። ሟቹ አቶ ባምላክ የኮሚቴው ቀያሽ ነበሩ፣ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር የቀራቸው።

ካርታው አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከተራራ ሥር ያለው ነፋሻ ከፍታ ሰማያዊ ተቀብቶ ትናንሽ ባንዲራዎች ተሰክተውበታል። ከታች፣ ወንዝ ዳር ያለው መሬት ግራጫ ሲሆን «መልሶ ማስፈሪያ» ተብሎ ተጽፎበታል። ግርጌው ላይ አራት የፊርማ መስመሮች አሉ። ሦስቱ ተፈርሞባቸዋል። አራተኛው፣ «ባምላክ፣ ቀያሽ» የሚለው፣ ባዶ ነው።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ዘውድነሽ ሐምዲያን ቆመው ተቀበሉ።

«ነፍሱን ይማረው። በጣም አዝነናል» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። «ኢንስፔክተር፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት አለብን። ቅዳሜ ሰነዱን ለበላይ አካል እናቀርባለን። ወንጀለኛውም ተይዟል አሉኝ።»

«ሬሳው ገና አልተነሳም» አለች ሐምዲያ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።»

«በምሳ ሰዓት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ጥል አይባልም፣ የሙያ ክርክር ነው። ባምላክ አልፈርምም አለ። ከሰማያዊው ቦታ የሚነሱ አራት መቶ አባወራዎች አሉ፤ ወደ ግራጫው ይወርዳሉ። እሱ ግራጫውን ጎርፍ ይበላዋል ይላል። ጥናት ተጠንቷል! ኢንጂነር አለባቸው ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ ለክቶ አስተማማኝ ነው ብሎ ፈርሟል። ባምላክ ግን ‹የለካችሁት ሰፈሩ ላይ የሚዘንበውን ነው፤ ተራራው የሚልከውን ማን ለካ?› እያለ አደነቆረን።»

«መልሱስ ምን ነበር?»

«መልስ?» ወይዘሮ ዘውድነሽ ግራ ገባቸው። «ሃያ ሦስት ኤምባሲ ቦታ እየጠበቀ እኮ ነው።»

ሐምዲያ ይህን ስትሰማ አፏ ውስጥ መራራ ነገር የቀመሰች መሰላት። ከሰባት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት የት እንደነበሩ ጠየቀቻቸው። እዚሁ አዳራሽ ስልክ ላይ እንደነበሩ፣ እቴነሽም ማራገቢያ እንዳመጣችላቸው ነገሯት።

ቀጥላ ያነጋገረቻት ማህደርን ነው። ማህደር ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ የኤምባሲዎቹን ፍላጎት እየሰበሰበች ለኮሚቴው የምታቀርብ ባለሙያ ናት። ካርታው ፊት ስትቆም ዓይኗ በራ።

«ቀላል እንዳይመስልሽ። እነዚህ ሁለቱ ተኳርፈዋል፣ አጥር አይጋሩም። ይቺኛዋ ከጎረቤቷ ዝቅ ያለ መሬት ከተሰጣት አትቀበልም። ያኛው ሁለት የመኪና በር ይፈልጋል፣ አንዱ የማይታይ። እይታ ግን ሁሉም ይፈልጋል።»

«ግራጫው ላይ የሚሰፍሩትስ ምን ይፈልጋሉ?»

ማህደር ጥያቄው እንግዳ ሆነባት። «እነሱን መጠየቅ የኔ ሥራ አይደለም።»

«እሺ። ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ክፍሌ ተኝቼ። ሙቀቱ ገደለኝ።»

ሐምዲያ በሩ ሥር ማህደር ያወለቀቻቸውን ነጠላ ጫማዎች አየች። ሶላቸው ላይ እርጥብ አሸዋ ተጣብቋል። ምንም ሳትናገር ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ሦስተኛው ሰው ኢንጂነር አለባቸው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከውጭ መጣ። ከትከሻው እስከ እግሩ ረጥቧል፤ ብብቱ ሥር የካርታ መያዣ ቱቦ ወሽቋል። የባምላክን ሞት ሲሰማ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«የት ነው የተገኘው?»

«ወንዙ ውስጥ» አለች ሐምዲያ። ሌላ አልጨመረችም።

«እኔው ነኝ ጥፋተኛው! ከለከልኩት እኮ። ሰኞ ስንመጣ አላየንም? መሻገሪያው ሞልቶ ሁለት ሰዓት አቁሞናል።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከምሳ በኋላ ተሻግሬ ማዶ የማንጎ እርሻ ላይ ሄድኩ። ዝናቡ ያዘኝ። ልመለስ ስል ወንዙ ሞላ።»

«ሞላ?»

«እስከ ደረት! ግንድ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥር ተኩል ዳር ላይ ቆሜ ሳየው ነበር። ባምላክን ይዞት ሲሄድ ምናልባት እኔ እዚያው ቆሜያለሁ።» ዓይኑን ጠረገ።

ሐምዲያ ብዕሯ አልቆመም። ቃሉን መልሳ አነበበችለትና «ትክክል ከሆነ ከሥሩ ይፈርሙ» አለችው። ኢንጂነሩ ባማረ ፊርማ ፈረመ። እሷም ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ጓዳ ሄደች።

እትዬ እቴነሽ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬና ነገ ጠዋት ማንም ሠራተኛ ለእንግዶቹ ስለ ወንዙ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ። እርስዎም ጭምር።»

«ኧረ ምን የሚወራ ነገር አለና ነው ስለ ወንዙ?»

«እንዲያው ነው። አደራ።» ልትወጣ ስትል ዞረች። «ኢንጂነሩ ከምሳ በኋላ ሲወጣ ያ ቱቦ አብሮት ነበር?»

«ነበር እንጂ። ካርታው ግን ያው ግድግዳው ላይ ነው» አሉ እትዬ እቴነሽ፤ ቢላቸውን አቁመው አዩአት።

ጣቢያው በር ላይ የሀሩን ሚስት ራሕማ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ምግብ በሰሃን ይዛ ብቻ ትጠብቃለች። የጣቢያው አዛዥ ሐምዲያን ቢሮው አስገባት።

«ተደውሎልኛል፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው» አለ። «ተጠርጣሪ ይዘሻል፣ ቦርሳው ተገኝቷል። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣሽ እንግዶቹ ይሄዳሉ፣ የሀሩን መዝገብም ለዐቃቤ ሕግ ያልፋል።»

ሐምዲያ ያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እንግዶቹ አንዴ አዲስ አበባ ከገቡ ማንም አይመልሳቸውም፤ አንድ ባለባጃጅ ደግሞ ለሃያ ዓመት ይታሰራል። አዛዡን ተናዳ እንኳ አላየችውም። ጠየፈችው።

በነጋታው ዓርብ ማለዳ ሀሩን ያለበት ክፍል ገባች።

«አስበህ ንገረኝ። አቶ ባምላክን ስታወርዳቸው ምን አወራችሁ?»

ሀሩን አሰበ። «ደመናውን አይተው ‹ዝናብ እየመጣ ነው፤ ወንዙ ይመጣብኝ ይሆን?› አሉኝ። ‹ጋሼ፣ ተራራውን እዩት፣ ፀሐይ ነው። ዛሬ አይመጣም› አልኳቸው። ሳቁና ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ስሜንም ጠይቀው ጻፉ።»

«ስምህንም?»

«አዎ። ‹ምስክሬ ነህ› አሉኝ።»

ሐምዲያ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከዚያ ፍርድ ቤት ሄዳ የብርበራ ትእዛዝ አወጣች።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ፣ ካርታው ፊት ተሰበሰቡ። ሦስቱ እንግዶች ሻንጣቸውን አጠገባቸው አቁመዋል፤ የካርታው ቱቦ የአለባቸው ሻንጣ ላይ ተደግፏል። እትዬ እቴነሽ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሀሩንን ሙዐዊያ በካቴና ይዞት ቆሟል። ሐምዲያ አፏን ሳትከፍት ኢንጂነር አለባቸው እጁን አነሣ።

«ይቅርታ፣ ኢንስፔክተር። ትናንት በሰጠሁት ቃል ላይ ትንሽ ማስተካከያ አለኝ። ደንግጬ ስለነበር... ጎርፉን በዓይኔ አላየሁም። ዛፍ ሥር ተጠልዬ የሰማሁት የዝናቡን ድምፅ ነው፤ ጎርፍ መስሎኝ ነው።»

ሐምዲያ በዝግታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጥሩ፤ ከሱ እንጀምር» አለች። «አቶ ባምላክ የሞቱት ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከሥራቸው ያለው አሸዋ ደረቅ ነበር። ስለዚህ ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ነው የተገደሉት። ገዳዩ ስልክ አልወሰደም፣ ሰዓት አልወሰደም። የጠፋው ጥቁሩ ደብተር ብቻ ነው። ባለባጃጅ የቅየሳ ደብተር ምን ይሠራለታል?»

«ምናልባት ጎርፉ ወስዶት...» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ።

«የትኛው ጎርፍ?»

ሴትዮዋ በእጃቸው ወደ ወንዙ አቅጣጫ ጠቆሙ።

«ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ትናንት ሸዋ ሮቢት ላይ ዘነበ። ወንዙ ግን አልመጣም፤ አንዲት ማንኪያ ውሃ አልወረደበትም። የኛ ወንዝ የሚመጣው ላይ፣ ተራራው ላይ ሲዘንብ ነው። ደብረ ሲና ትናንት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ሰኞ ያያችሁት ላይም ታችም ስለዘነበ ነው። እዚህ ሀገር ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቀው ከውጭ የመጣ ሰው ነው።»

ወደ አለባቸው ዞረች።

«ገዳዩ ሬሳውን ወንዙ ውስጥ የተወው ጎርፍ መጥቶ ጠርጎ ይወስደዋል ብሎ ነው። ደመናው ጠቁሮ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ዘነበ፤ በሱ ስሌት ነገሩ አልቋል። ሞላ፣ ሄደ፣ አደጋ ተባለ። እሱ ደግሞ ማዶ ቀርቶ ነበር ይባላል፤ በእውነቱ ግን ሳይሻገር፣ ወንዙን ዞሮ ሳያይ በሆቴሉ በኩል ተደብቆ ቆየ። እርስዎ፣ ኢንጂነር፣ ያልመጣ ጎርፍ እስከ ደረት ሲሞላ አይተዋል። ግንድ ሲያወርድም አይተዋል። ፈርመውበታል።»

«ተሳስቻለሁ አልኩ እኮ!»

«አሁን ነው ያሉት። እስቲ ወይዘሪት ማህደርም ትስተካከል። አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

ማህደር ቀላች። «ክፍሌ...»

«ጫማሽ ላይ የመሻገሪያው እርጥብ አሸዋ ነበር። የጫነሽን ባለባጃጅ ማታውን አግኝቼዋለሁ።»

«ከተማ ሄጄ ነበር» አለች ማህደር በትንሽ ድምፅ። «እዚህ ኢንተርኔት የለም። ካርታውን ለሁለት ኤምባሲዎች ላኩት።»

«ሳይጸድቅ?» ጮኹ ወይዘሮ ዘውድነሽ።

«ቃል ገብቼላቸው ነበር። ስምንት ሰዓት ሄጄ አሥር ሰዓት ተመለስኩ።»

«አሥር ሰዓት ላይ በባጃጅ ስትሻገሪ ውሃው የት ይደርስ ነበር?»

«ውሃ? ምንም ውሃ የለም።»

«ትናንት ይህን ብትናገሪ ሀሩን ቤቱ ያድር ነበር» አለቻት ሐምዲያ። ማህደር አንገቷን ደፋች።

«ወይዘሮ ዘውድነሽ በዚያ ሰዓት እዚህ አዳራሽ ነበሩ፤ እትዬ እቴነሽ አይተዋቸዋል። ማህደር ከተማ ነበረች፤ ባለባጃጁና የካፌው አስተናጋጅ አይተዋታል። የቀረው አንድ ሰው ነው። ግን እሱን የያዝኩት በትናንቱ ውሸት ብቻ አይደለም። በዛሬው እውነትም ነው።»

አለባቸው ላቡን በእጁ ጠረገ።

«ትናንት ማታ ጎርፍ አይቻለሁ ብለው ፈረሙ። ዛሬ ጠዋት እንዳልነበረ አወቁ። ማን ነገረዎት? ሠራተኞቹ ስለ ወንዙ እንዳይናገሩ እትዬ እቴነሽን አደራ ብያለሁ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ገና አሁን ነው የሰሙት፤ ማህደርም መሻገሯን ደብቃ ነበር። ከግቢ አልወጡም፤ በሩ ላይ ፖሊስ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሰው የዚህን ወንዝ ጠባይ አያውቅም። ‹ዛሬ ወንዙ አይመጣም› የሚል ነገር የተጻፈበት አንድ ቦታ ብቻ አለ። ሀሩን ሲናገር ሰምተው አቶ ባምላክ ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል። እርስዎ ደብተሩን አንብበዋል፤ ግን ያነበቡት ከፈረሙ በኋላ ነው።»

«ማስረጃ የለሽም!»

«ትናንት ማንጎ ሊያዩ ሲሄዱ ቱቦውን ይዘው ነበር። ካርታው ግን እዚህ ግድግዳው ላይ ነበር። ውስጡ ምን ነበር?» የፍርድ ቤቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ሙዐዊያ፣ ክፈተው።»

ሳጅኑ ክዳኑን ፈትቶ ቱቦውን ደፋው። መጀመሪያ የካርታው ሁለተኛ ቅጂ ተንሸራቶ ወጣ፤ ሦስት ፊርማ አለበት፣ አራተኛው መስመር ባዶ ነው። ከሱ ውስጥ ተጠቅልሎ በላስቲክ የታሰረ ጥቁር ደብተር ወደቀ።

ሐምዲያ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ጮክ ብላ አነበበች።

«‹ሐሙስ፣ 7፡50። የሰኞው ጎርፍ ከፍታ፣ ከአሸዋው 1.90 ሜትር። እዚህ ደመና ነው፣ ተራራው ላይ ፀሐይ ነው። አቶ ሀሩን ወንዙ ዛሬ አይመጣም ብሎኛል። የእኛም ግራጫ ቦታ እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ እየወጣ ጎርፍ ይወስደዋል። አለባቸው ካርታ ሊያስፈርመኝ እመጣለሁ ብሏል። እዚሁ ላሳየው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ካየ ይገባዋል።›»

እትዬ እቴነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«አሳዩዎት?» ጠየቀች ሐምዲያ።

አለባቸው ደብተሩን አየ። ሲናገር ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «አሳየኝ። ቀይ መስመሩን አሳየኝ። ትክክል ነበር። እኔ ግን ፈርሜያለሁ፤ ከዚህ በፊትም ሁለት ሰፈር ላይ በዚሁ ስሌት ፈርሜያለሁ፣ ሰው ገብቶባቸዋል። ‹ያንንም ልናገር ነው› አለኝ። የሙያ ፈቃዴ... ስሜ... ከዚያ ጎንበስ ብሎ መለካቱን ቀጠለ።»

«ደብተሩን ለምን አልጣሉትም?»

«ልኬቱ ጥሩ ነበር» አለ አለባቸው። «ወደፊት ይጠቅመኛል ብዬ ነው።»

ሐምዲያ ነፍሰ ገዳይ ብዙ አይታለች። በቅናት የገደለ፣ በመሬት የገደለ፣ ሰክሮ የገደለ። ይህን ያህል ግን ማንም አላንገፈገፋትም። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ከሱ ራቀች፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብራው መተንፈስ አስጠላት። ሙዐዊያ ካቴናውን ከሀሩን እጅ ፈትቶ አለባቸው እጅ ላይ አጠለቀው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ወይዘሮ ዘውድነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በጣም አሳዛኝ ነው። እንግዲህ... ካርታውን መውሰድ እንችላለን አይደል? በባምላክ ቦታ ሌላ ቀያሽ እናስፈርማለን። ለነገው ይደርሳል።»

ሐምዲያ ወደ ካርታው ሄደች። ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ካርታውን ከግድግዳው አወረደችው። ከቦርሳዋ የኤግዚቢት ወረቀት አውጥታ ቁጥር ጻፈችበት፤ ልክ በአራተኛው መስመር ላይ ለጠፈችውና ከሥሩ ፈረመች። ሁለተኛውንም ቅጂ እንዲሁ አደረገች።

«ይኸው፣ አራተኛው ተፈርሟል» አለች። «ካርታው፣ የዝናቡ ጥናትና ደብተሩ በአንድ መዝገብ ችሎት ይቀርባሉ። ግራጫው ላይ ሰው ማስፈር የፈለገ መጀመሪያ ይህንን ደብተር ያነባል።»

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የፖሊሱ መኪና ከፊት፣ የእንግዶቹ መኪና ከኋላ ሆነው መሻገሪያው ጋ ደረሱ። ሀሩን ከሐምዲያ አጠገብ ተቀምጧል፤ አለባቸው ከኋላ፣ በሁለት ፖሊስ መሃል ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አሸዋው ደርቆ ያቃጥላል። ሾፌሩ ጎማውን ሊያወርድ ሲል ሀሩን ክንዱን ያዘው።

«ቁም። ተራራውን እየው።»

ደብረ ሲና ጠፍቷል። ጥቁር ደመና ከላይ እስከ ታች ጋርዶታል። ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም ወንዙ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ ቡናማ ሆኖ መጣ። በአንድ አፍታ መሻገሪያው ጠፋ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ከመኪናቸው ወርደው ራሳቸውን በመሐረብ ከፀሐይ እየከለሉ ወደ ፊት መጡ።

«ጠብታ እንኳ አልዘነበም!» አሉ። «ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

ሐምዲያ በመስኮቱ ወደ ኋላ ጠቆመች።

«ኢንጂነሩን ይጠይቋቸው። ሦስት ወር ሙሉ ለክተውታል።»

አለባቸው ወደ መስኮቱ ዞረ። ዓይኑ ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተተክሏል። ውሃው እዚያ ግድግዳውን እየላሰ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፤ ባምላክ በጠመኔ ያሰመሩት ቀይ መስመር ጋ ሲደርስም አጠበው።